ኖራ ያልገባበት ሊጥ

ኑ፣ ቁጭ በሉ እስቲ። ዝናቡ ሳያባራ የትም አትሄዱም፤ ወንበሩ ካልበቃችሁ የበቆሎው ጆንያ ላይ ተቀመጡ፣ ምንም አይለውም። የባለ ወፍጮዋን የዶኛ አምፓሮን ነገር ላጫውታችሁ። እናውቃታለን ትሉ ይሆናል። እናንተ ብቻ ስሙኝ፤ ሰው የጎረቤቱን ነገር አውቀዋለሁ እያለ ሳይሰማው ነው የሚኖረው።

አምፓሮ ወፍጮ ቤቱን የወረሰችው ከባሏ ነው። በኛ ሰፈር፣ ከማሊንቼ ተራራ ሥር፣ ቶርቲያውን፣ ያን ወጥ የምንጠቅስበትን የበቆሎ ቂጣችንን፣ በየቤቱ የሚጋግረው እያንዳንዱ ነው፣ ሊጡ ግን ከእሷ ቤት ነው የሚመጣው። በቆሎው በትልቁ በርሜል ከኖራ ጋር ይፈላል፣ ሲያድር ልጣጩ ይለቃል፣ ጠዋት ታጥቦ በድንጋዩ ወፍጮ ያልፋል። ኖራ ከሌለ ሊጥ የለም፤ ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቀዋል። አምፓሮ ደግሞ ለኖራው ሚዛን አታውቅም። ዘገን አድርጋ ጣል ስታደርግ በቃ፣ ልክ ነው። ሴቶቹ ጠዋት ባልዲያቸውን ይዘው ሲሰለፉ ሊጡን በጣታቸው ጫን አድርገው ያዩታል፣ ከዚያ ዝም ብለው ይወስዱታል። በኛ አገር ሊጥ ተመስግኖ አያውቅም። ዝምታው ነው ምስጋናው።

ስኳር ከያዛት ብዙ ዘመን ሆኗታል። ስኳር በኛ ዘንድ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ቤተ ዘመድ ሆኗል፤ የማይገባበት ቤት የለም። ከምን ያዘሽ ሲሏት፣ «ባሌ የሞተ ዕለት ከደነገጥኩት ድንጋጤ ነው» ትላለች። ሁላችንም እንዲሁ የየራሳችን ድንጋጤ አለን። የስኳሩን ኪኒን ስታስታውስ ትውጠዋለች፣ ስትረሳ ትረሳዋለች። ምሳዋ ላይ ግን ያችን ጥቁር ለስላሳ ረስታት አታውቅም። እግሯ ይደነዝዛል፤ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ስትረግጠው ብትውል እንኳ አይታወቃትም።

አንድ የሚያስፈራት ነገር ነበር። ታላቅ እህቷ ዴልፊና፣ እሷም ባለ ስኳር ናት፣ ባለፈው ዓመት ከምሳ በኋላ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ደረቴን አላለች፣ ልቤን አላለች። መንጋጋዬን ያመኛል ብላ ቅርንፉድ ነክሳ ነበር፤ ጥርስ ነው ተባለ። ላብ አጥምቋት ነበር፤ ሙቀት ነው ተባለ። ደህና ሁኑ ሳትል ሄደች። ከዚያ ወዲህ አምፓሮ የምትጸልየው አንድ ጸሎት ነው፦ «እናቴ ቅድስት አና፣ መሞቴንስ እሞታለሁ፣ ግን እንደ ዴልፊና በድንገት አታስኪጂኝ።»

ልጇ ዜናይዳ ፑዌብላ ከተማ ነው የምትሠራው። የአክስቷ ሞት እሷንም እንቅልፍ ነስቷታል። «እማዬ፣ ልብሽን ፎቶ እናስነሳው» አለቻት።

«ልቤ ምን ሆነና? አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም።»

«አክስቴንም አሟት አያውቅም ነበር።»

አምፓሮ ሻሿን አስራ ከተማ ሆስፒታል ሄደች። በሚዞረው መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው፣ ትንፋሽሽን ያዢ፣ ልቀቂ እያሉ አነሷት። ወጣቱ ሐኪም ፎቶውን ወደ መብራቱ አዞረላት። በልቧ ዙሪያ እዚህም እዚያም የነጣ ነገር ይታያል።

«ዶኛ አምፓሮ፣ በልብዎ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ካልሲየም ተጋግሯል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበዛል። ይህን ኪኒን በየቀኑ ይውሰዱ፣ በሚቀጥለው ወር ይመለሱ።»

«ካልሲየም ምንድን ነው፣ ዶክተር?»

«እንዴት ልበልዎት... ኖራ ውስጥ ያለው ዓይነት ነገር ነው። ደም ሥሩን ያደነድነዋል» አለና የሚቀጥለውን በሽተኛ ጠራ። እሱስ ምን ያድርግ? ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ይጠብቀዋል።

አምፓሮ በአውቶቡስ ተመለሰች። ቤቷ ገብታ ሻሿን እንኳ ሳታወልቅ በርሜሉ ዘንድ ሄደች። ጎንበስ ብላ ውስጡን አየችው። በየጠዋቱ ስታጥበው የኖረችው በርሜል ነው፣ ግን ያን ቀን እንደ አዲስ አየችው፦ ጎንና ጎኑ ላይ ነጭ ቅርፊት እንደ ድንጋይ ተጋግሯል። በጥፍሯ ፋቀችው። አልተነሳም።

«ይኸው» አለች ለራሷ። «ብረቱ እንዲህ ከሆነ ሥጋማ ምን ይሆናል!»

ዴልፊና ትዝ አለቻት። ዕድሜ ልኳን የበላችው ከዚህ በርሜል የወጣ ሊጥ ነው። ባሏ ትዝ አላት። የሰፈሩ ሴቶች፣ ባልዲያቸው፣ ልጆቻቸው ትዝ አሏት። እጇን አየችው፤ ኖራውን የምትዘግንበትን ያንኑ እጅ። ወገኖቼ፣ ሰው በራሱ እጅ ያበላውን ሕዝብ ገደልኩ ብሎ ሲያስብ ምን ዓይነት ምሽት እንደሚያሳልፍ እናንተው ገምቱት።

ሲነጋ ቆርጣ ተነሳች። ኖራ ከዚህ ቤት ይወጣል። ለማንም አትናገርም፣ ሰው እንዳይደነግጥ። ኪኒኑንስ? «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩን ነቅዬው የለም ወይ? ኪኒኑ ምን ይፈይዳል?» አለችና ከነፓኮው ከቅድስት አና ሥዕል ጀርባ ሸጎጠችው። ምሳዋን በላች፣ ለስላሳዋን ጠጣች፣ ልቧ ቀለል አላት።

እንግዲህ የቀረውን ጣጣ ያመጣው የቀኑ መግጠም ነው። ዕለቱ የቅድስት አና በዓል ዋዜማ ነበር፤ የዚያን ዓመት የበዓሉ ደጋሽ ደግሞ አበልጇ ዶኛ ኡባልዳ ናት። ዜናይዳን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። ምላሷ ስለት ነው፣ ልቧ ግን ዳቦ። ለበዓሉ ሰፈሩ ሁሉ እሷ ቤት ይበላል፣ ሙዚቀኞቹ ከነቱባቸው፣ ከነዚያ ትልቅ የናስ ጥሩምባቸው ይመጣሉ፣ ሊጡ እንደ ልማዱ ከአምፓሮ ነው። አምፓሮም አሰበችው፦ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ማዕድ በሚበላበት ቀን ባድናቸው ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ አለ? ስለዚህ የመጀመሪያው ኖራ የሌለበት ቅቅል የበዓሉ ሆነ። አብዝታ አፈላችው፣ ደጋግማ ፈጨችው፣ ውሃ እየጨመረች አሸችው። ሊጥ መስሎ ተላከ።

በበዓሉ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወፍጮ ቤቷ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ ሲያወራ የኡባልዳ ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ።

«አምፓሮ! አንቺ ሴትዮ ውጪ! ውጪ እልሻለሁ!»

አምፓሮ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ኡባልዳ የበዓል ቀሚሷን እንደለበሰች ሽርጧን በሁለት እጇ አንጠልጥላ ቆማለች። ሽርጧ ውስጥ ስብርባሪ ሞልቶበታል።

«ምነው አበልጄ፣ እንግዳ ጥለሽ?»

«እንግዳ? እንግዳዬማ ሞሌ ወጡን በማንኪያ እየበላ ነው! በማንኪያ! ታሞ እንደተኛ ሰው! ይኼ ምንድን ነው?»

«ቶርቲያ ነዋ።»

«ነው? እስቲ እጠፊው። እጠፊው እኮ ነው የምልሽ!»

አምፓሮ አንዱን አንስታ ልታጥፈው ስትል ቀሽ ብሎ እጇ ላይ ተበተነ።

«አየሽ? የመጀመሪያው ባሌ መሐላ እንኳ ከዚህ ይጠነክር ነበር!»

የተሰበሰበው ሰው አፉን ይዞ ሳቀ። ቱባ ነፊው ዶን ካሲልዶ ኡባልዳን በፒክአፑ ያመጣት እሱ ነው፤ መኪናው ውስጥ ሆኖ መሪው ላይ ተደፋ።

«ዕድሜ ልክሽን ሊጥ ስትሠሪ፣ የኔን በዓል ጠብቀሽ! ምን በደልኩሽ? ንገሪኝ!»

«አልበደልሽኝም።»

«እና?»

አምፓሮ ዙሪያዋን አየች። ከዚህ ወዲያ መደበቅ አልሆነላትም። «ኖራ አላገባሁበትም» አለች።

ሳቁ ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«ኖራ ነው የሚገድለን፣ ኡባልዳ። ዴልፊናን የበላት እሱ ነው። ከተማ ወስደው ልቤን ሲያነሱት በዓይኔ በብሌኑ አየሁት። እንደ በርሜሉ ተጋግሯል። ስንት ዘመን አበላኋችሁ እኮ፣ በዚህ እጄ! ላድናችሁ ብዬ ነው።»

ኡባልዳ አፏን ከፍታ ቀረች። ይህ በኛ ሰፈር ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም። ከዚያ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ አረፈ። ግማሽ የተጠጣች ጥቁር ለስላሳ እዚያ ቆማለች።

«አንቺ ጉድ! አያት ቅድመ አያቶቻችን የበሉትን ኖራ ጥለሽ ይችን ያዝሽ? ኖራውን ያባረርሽው ለዚች ቦታ ሊለቅላት ነው?»

አምፓሮ ራሷ መሳቅ ቃጣት። ትንፋሿ ግን አልወጣ አላት። በሩን ተደገፈች። መንጋጋዋን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችው።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ከጠዋት ጀምሮ መንጋጋዬን ያዝ ያደርገኛል። ባልዲ ሳነሳ ነው።»

ኡባልዳ ቀረብ አለች። ዝናቡ ቀኑን አቀዝቅዞታል፤ ሰው ሁሉ ፎጣ ደርቧል። የአምፓሮ ግንባር ግን በላብ ወርዝቷል፣ አንገቷ ላይ ኩልል ብሎ ይወርዳል። የኡባልዳ ፊት በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ለዴልፊና ያን ቅርንፉድ ያቀበለቻት እሷ ነበረች። አስከሬኗን ያጠበችውም እሷ።

«ደረትሽን ያምሻል?» አለች በቀስታ።

«ኧረ ደረቴስ ደህና ነው።»

«ዴልፊናም ደህና ነኝ ነበር ያለችኝ።»

ሽርጧን ለቀቀችው። የበዓሉ ቶርቲያ ሁሉ ጭቃው ላይ ተዘረገፈ። «ካሲልዶ! መኪናህን አስነሳ!»

«ቱባዬ ከኋላ...»

«ቱባህን ታቀፈው! ና ያዝልኝ ይችን ሴትዮ!»

«አበልጄ፣ እንግዶችሽስ?» አለች አምፓሮ ሲያነሷት።

«በማንኪያ ይብሉ!»

በዚህ ዓይነት ሄዱ። አምፓሮ ከፊት ወንበር ላይ፣ ኡባልዳ ራሷን ደግፋ፣ ከኋላ ከቱባው ጋር የተጫነው ከበሮ በየጉድጓዱ ድም ድም እያለ። የሆስፒታሉ ዘበኛ ሙዚቀኞች መስለውት፣ «እዚህ በሽተኛ ነው ያለው፣ ሠርጉ የት ነው?» ቢላቸው ኡባልዳ ምን እንዳለችው እዚህ አልደግመውም፤ ብቻ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

ሐኪሞቹ ጊዜ አላጠፉም። በእጅ አንጓዋ በኩል ቀጭን ነገር አስገብተው የተዘጋውን የልቧን ደም ሥር ከፈቱት፣ ዳግም እንዳይዘጋም ትንሽ የሽቦ ቱቦ አኖሩበት። ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ... አሉ። ኡባልዳም ቀሪውን እንዲጨርሱላት አልጠየቀችም።

በማግስቱ ዶክተር ኢትሴል የምትባለዋ ሐኪም አልጋው ዳር መጥታ ተቀመጠች። ቆማ አልተናገረችም፣ ተቀመጠች። አምፓሮ ይህን እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። ኡባልዳ የበዓል ቀሚሷን እንደለበሰች ጥግ ላይ እንቅልፍ ይዟታል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትሳቂብኝ እንጂ» አለች አምፓሮ። «ልቤን እንዲህ ያደረገው ኖራው ነው? ሕዝቡን የጨረስኩት እኔ ነኝ?»

ዶክተሯ አልሳቀችም። «እኔም ያደግኩት በዚሁ ሊጥ ነው፣ ዶኛ። ቤትዎ የጭቃ ግድግዳ አለው?»

«አለው።»

«ሲሰነጠቅ ምን ያደርጉታል?»

«በኖራ እለስነዋለሁ።»

«ሰውነትዎም ያደረገው ይህንኑ ነው። ስኳሩ ሲበዛ የደም ሥርዎን ግድግዳ ከውስጥ ያቆስለዋል፣ ቁስሉ ላይ ስብ ይሰገሰጋል። ሰውነት ደግሞ ቁስል ዝም ብሎ አያይም፣ ይለስነዋል። ልስኑን የሚያመጣው ከራሱ ጓዳ ነው፤ ቶርቲያ በሉም አልበሉም ይለስናል። ያ ሐኪም ፎቶው ላይ ያሳየዎት ነጭ ነገር፣ ግድግዳው ስንት ቦታ እንደቆሰለ የሚናገር ምልክት ነው። ሊጡ ማንንም አልገደለም።»

አምፓሮ ፊቷን በአንሶላው ሸፈነች። ባሏ ሲሞት፣ እህቷ ስትሞት ያልወጣ እንባ ያን ጊዜ ወጣ። ዶክተሯ እጇን ይዛ ጠበቀቻት።

«ታዲያ ደረቴን ለምን አላመመኝም?»

«እግርዎ ይደነዝዝ የለ? ስኳር ብዙ ዘመን ሲቆይ የልብንም ነርቭ እንዲሁ ያደነዝዘዋል። ልብ ይጮኻል፣ ባለቤቱ አይሰማም። በመንጋጋ ይወጣል፣ በላብ ይወጣል፣ በትንፋሽ ማጠር ይወጣል።»

«ልስኑስ ይለቃል?»

«እሱ አይለቅም። አዲስ ቁስል እንዳይጨመርበት፣ ያለውም እንዳይፈነዳ ማድረግ ግን እንችላለን። ኪኒኑ ለዚህ ነው። ቶርቲያውን ቀንሰው ከአደንጓሬና ከበለስ ቁልቋል ቅጠል ጋር ይብሉት። ለስላሳውን ግን...»

«አላልኩሽም!» አለች ኡባልዳ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ከሰዓት በኋላ ዜናይዳ ከፑዌብላ እየሮጠች ደረሰች። እናቷን አቅፋ አለቀሰች፣ ስትጨርስ ተቆጣች። «እማዬ፣ ያ ኪኒንስ?»

«ከቅድስት አና ጀርባ ነው።»

«እሷ እንድትውጥልሽ ነው?»

ክፍሉ ሙሉ ሳቀ፣ አጠገቧ የተኛችው በሽተኛ ሳትቀር። አምፓሮ ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ስታስበው፣ ያ ሁሉ ዘመን፣ እሷ ኪኒኗን ስትረሳ፣ ለስላሳዋን ስትጠጣ፣ ስለ ልቧ አንድም ቀን ሳታስብ፣ እሱ እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ስንጥቁን ሲለስን ኖሯል። ማንም ሳያዘው። እንደ ደህና ሊጥ ነው፤ ማንም አመስግኖት አያውቅም። «ተመስገን» አለች በሹክሹክታ። ዜናይዳ ለቅድስት አና የምትጸልይ መሰላት፤ ለእሷም ነበር፣ ለልቧም ነበር።

ቤቷ ስትመለስ ከሥዕሉ ጀርባ ፓኮውን አወጣች። አሁን ኪኒኑ ከቡና ስኒዋ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፣ ጠዋት ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፍበት። በርሜሉንም አስሞላችው። ጉልበት እስኪመለስላት ሰፈሩ ተራ ገብቶ ፈጨላት፤ ኖራውን ግን ዘግና የጨመረችው እሷ ናት። የመጀመሪያውን ሊጥ ለኡባልዳ ላከችላት። ኡባልዳ ጋገረችው፣ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ ደግማ አጠፈችው። አልተሰበረም። ማዶ ሆና፣ «አሁን ገና ሴት ሆንሽ!» ብላ ጮኸች። ሰፈሩም የበዓሉን ነገር ይቅር አላት። ይቅር ማለቱንስ ይቅር አላት፤ እስከ ዛሬ ግን ሞሌ ሲቀርብ አንዱ ተነስቶ «ማንኪያ አለ?» ማለቱን አልተወም።

በኛ ዘንድ ከሞት አፍ የተረፈ ሰው በቆርቆሮ ላይ የምስጋና ሥዕል አሠርቶ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሰቅል ታውቃላችሁ። አምፓሮም ሠዓሊው ዘንድ ሄደች።

«ምን ልሣልልዎት፣ ዶኛ? አልጋ ላይ ተኝተው፣ ሐኪሞች ከበውዎት?»

«የለም። አበልጄን ሣልልኝ። የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ሽርጧ ሙሉ ስብርባሪ ይዛ፣ አፏን ከፍታ ስትሰድበኝ።»

ሠዓሊው ብሩሹን አስቀመጠ። «ቅድስት አናንስ የት ላድርጋት?»

«ከላይ፣ ደመናው ላይ። ስትስቅ።»

ከሥሩም እንዲህ አስጻፈችበት፦ «እህቴን በወሰዳት በሽታ ሳልወሰድ ስለቀረሁ ቅድስት አናን አመሰግናለሁ። አበልጄን ኡባልዳንም ስለ ምላሷ አመሰግናለሁ። አምፓሮ ነኝ፣ ባለ ወፍጮዋ።»

ሥዕሉ የተሰቀለ እሑድ ኡባልዳ ፊቱ ቆማ ቆይታ ቆይታ፣ «ጥርሴን ለምን አጎደለው?» አለች። ከዚያ ፎጣዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ ወጣች። አምፓሮ ተከትላ ወጥታ በሩ ላይ ክንዷን ያዘቻት። ሁለቱ አሮጊቶች ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ትንፋሻቸውን እያዳመጡ ወረዱ።

ዝናቡም አባራ መሰለኝ። ሂዱ፣ ግን አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። በየቤታችሁ ባለ ስኳር አለ፤ እናት አለች፣ አጎት አለ። አንድ ቀን በብርድ ላብ ካጠመቀው፣ መንጋጋዬን ካለ፣ ደረቴ ደህና ነው ቢላችሁም ቅርንፉድ አቀብላችሁ አትተዉት። እንግዳችሁ በማንኪያ ይብላ። ያኔ አምፓሮን አስታውሱልኝ፣ ልጆቼ።